ከሐይቁ 60 ሜትር ርቆ ማደር

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት በተለይ አሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይጠቅማል፤ ሌላውም ቢሰማው አይከፋም። ነገሩ ድንኳን ይዞ ደን ውስጥ ስለማደር ነው። የቧንቧ ውሃ፣ ጠረጴዛና መጸዳጃ ቤት የተሟላለት፣ በሌሊት ሂሳብ የሚከፈልበት የካምፕ ሥፍራ አይደለም የሚወራው። ከዛፍ፣ ከድንጋይና ከሐይቅ በቀር ምንም ስለሌለበት ቦታ ነው።

የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በ1919 የአሜሪካ የደን አገልግሎት አርተር ካርሃርት የተባለ ወጣት የመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያ ኮሎራዶ ውስጥ ወደሚገኘው ትራፐርስ ሐይቅ ላከ። ትእዛዙ ግልጽ ነበር፦ በሐይቁ ዙሪያ መንገድ የሚያልፍበትን መስመር ቀይስ፣ ለበጋ ማረፊያ ቤቶች የሚሆነውንም ቦታ ሸንሽን። ካርሃርት ቅየሳውን ሠራ። ሲመለስ ግን አለቆቹ ያልጠበቁትን ሐሳብ ይዞ መጣ። ሐይቁ ዳር ቤት ባይሠራ ይሻላል፤ ዳርቻው ጥቂት ባለቤቶች አጥረው የሚይዙት ሳይሆን ማንም መጥቶ የሚያየው ሆኖ ይቆይ አለ። አለቆቹም ተቀበሉት። የተቀየሱት ቤቶች ወረቀት ላይ ቀሩ።

ይኸው ሰው ብዙም ሳይቆይ በሚኒሶታ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በካናዳ ድንበር ላይ ላለው የሱፒሪየር ብሔራዊ ደን የወደፊት እቅድ አወጣ። ሱፒሪየር በቴዎዶር ሩዝቬልት ፊርማ በ1909 የተቋቋመ ደን ነው። በውስጡ ሰው ታንኳውን ውሃ ላይ እየቀዘፈ፣ የብሱ ሲመጣ ደግሞ እየተሸከመ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ለቀናት መጓዝ ይችላል። ካርሃርት አገሩ ለታንኳ ተጓዦች ይተው ብሎ ሐሳብ አቀረበ። በ1926 የግብርና ሚኒስቴር የደኑ ከፊል መንገድ እንዳይገባበት ከለለው። በ1964 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ያልተነካ ዱር የሚጠበቅበትን ሕግ ፈረሙ። በ1978 ደግሞ የድንበር ውሃዎች ለሚባለው የዚሁ ደን ክፍል ራሱን የቻለ ሕግ ወጣለት።

ዛሬ አንድ የሚኒያፖሊስ ታክሲ ነጂ ዐርብ ከሥራ ወጥቶ ወደ ሰሜን አራት ሰዓት ያህል ቢነዳ፣ ሌሊቱን ማንንም ሳያስፈቅድና ሳንቲም ሳይከፍል ሐይቅ በሚታይበት ደን ውስጥ ሊያድር ይችላል። ይህ እንዲሁ የመጣ አይደለም። በየዘመኑ “እዚህ አይሠራ” ያሉ ሰዎች ስለነበሩ የተገኘ ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ ደኖች 154 ናቸው። አብረዋቸው ከሚተዳደሩት የሣር ምድሮች ጋር ስፋታቸው ወደ 78 ሚሊዮን ሄክታር ይደርሳል፤ የኢትዮጵያን የቆዳ ስፋት ሰባት አሥረኛ ያህላል ማለት ነው። በአብዛኞቹ ውስጥ ከተዘጋጀው የካምፕ ሥፍራ ውጭ ድንኳን ተክሎ ማደር ይፈቀዳል። አገሬው ዲስፐርስድ ካምፒንግ ይለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ክፍያም ሆነ ቀጠሮ የለውም። በብዙዎቹ ደኖች አንድ ቦታ ላይ የሚቆዩበት ጊዜ በ14 ቀን የተወሰነ ነው፤ አንዳንዱ ደን ከዚያ ያሳጥረዋል።

ነጻ ነው ሲባል ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የካምፕ ሥፍራ ሲኬድ የሚከፈለው ገንዘብ መጸዳጃ ያስቆፍራል፣ ውሃ ያስመረምራል፣ ቆሻሻ ያስነሣል፣ የእሳት ማንደጃ ብረት ያስተክላል። እዚህ ይህ ሁሉ ሥራ የሚወድቀው በተጓዡ ትከሻ ላይ ነው። ሰሜን ተራሮች የሄደ ሰው ሳንካበር፣ ግጭ ወይም ጨነቅ ሲያድር ካምፑ ተለይቶ የታወቀ ነው፤ መሣሪያ የያዘ ስካውትም አብሮት ይወጣል። ሱፒሪየር ደን ውስጥ የሚከተል የለም። ሬንጀር የሚባለው የደን ጠባቂ ሳያጋጥመው ሳምንት የሚያሳልፍ ብዙ ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚያምታታውን ነገር ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በሱፒሪየር ደን ውስጥ የድንበር ውሃዎች የሚባለው ክልል ከ1,100 በላይ ሐይቆች አሉት። እዚያ ለማደር ከግንቦት 1 እስከ መስከረም 30 ባለው ጊዜ ቀደም ብሎ የሚያዝ፣ ቁጥሩ የተወሰነና የሚከፈልበት ፈቃድ ያስፈልጋል። ድንኳን የሚተከለውም ምልክት በተደረገባቸው ቦታዎች ብቻ ነው፤ 2,000 ያህል ናቸው፣ የማንደጃ ብረትና ቀላል መጸዳጃ አላቸው። በአንድ ቡድን ከዘጠኝ ሰው በላይ አይገባም። ጣሳና ጠርሙስም ክልክል ነው፤ ጠጅ በብርሌ የሚል ሐሳብ ያለው ካለ ቤቱ ይተወው። ዛሬ የምንናገርለት ያለ ክፍያ የሚታደርበት ቦታ ከዚህ ክልል ውጭ ያለው የደኑ ክፍል ነው። እሱም ሐይቅ አያጣም። ሚኒሶታ ስፋታቸው ከአራት ሄክታር የሚበልጡ 11,842 ሐይቆች ያላት ግዛት ናት።

ወደ ዋናው ቁም ነገር እንግባ። ማንኛውም ሰው ሐይቅ አይቶ መጀመሪያ የሚመኘው ድንኳኑን ውሃው አፋፍ ላይ ተክሎ ጠዋት ዚፑን ሲከፍት ማዕበሉን ማየት ነው። ትክክለኛው ግን ቢያንስ 60 ሜትር ወደ ኋላ መመለስ ነው። ለአዋቂ ሰው 70 እርምጃ ያህል ይሆናል። መቀመጫውን ቦልደር ኮሎራዶ ያደረገውና በ1994 የተቋቋመው “ሊቭ ኖ ትሬስ” የተባለ ማኅበር ይህንን ርቀት በመላ አገሪቱ ያስተምራል። የየደኑ ደንብ ከዚህ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል፤ 60 ሜትርን የያዘ ሰው ግን በአብዛኛው አይሳሳትም።

ለምን 60 ሜትር? የሰሜን ሚኒሶታ ሐይቆች የተቀመጡት ምድር ላይ እጅግ አሮጌ ከሚባሉት አለቶች መካከል በሚቆጠር ድንጋይ ላይ ነው። ከ10,000 ዓመት በፊት ገደማ የቀለጠው የበረዶ ግግር አፈሩን ጠርጎ ሄዷል። አለቱ ለውሃው የሚሰጠው ማዕድን ጥቂት ስለሆነ ብዙዎቹ ሐይቆች ጥርት ያሉ ናቸው፤ ጥራታቸው የመጣው ለዋቅላሚ የሚሆን ምግብ ስለሚያንስባቸው ነው። ስለዚህ ትንሽ ነገር ብዙ ይለውጣቸዋል። የሳሙና አረፋ፣ የድስት እጣቢ፣ የሰው ዐይነ ምድር ናይትሮጅን ወይም ፎስፈረስ ሊይዙ ይችላሉ። ዝናብ ሲመጣ ከዳርቻው ላይ ያለው ሁሉ ታጥቦ ይገባል። በሐይቁና በድንኳኑ መካከል 60 ሜትር ቅጠልና አፈር ካለ ግን አብዛኛው እዚያው ተጣርቶ ይቀራል።

ሱቅ ውስጥ “በተፈጥሮ የሚበሰብስ” የሚል ጽሑፍ ያለበት ሳሙና ይሸጣል። ብዙ ሰው ያንን ገዝቶ ሐይቁ ውስጥ ገላውን ይታጠባል። ሳሙናው የሚበሰብሰው አፈር ውስጥ ባሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ያው ሳሙና ነው። መታጠብ የፈለገ ውሃውን በጀሪካን ቀድቶ ወደ ላይ ወጥቶ ይታጠባል፤ እጣቢውንም መሬት ላይ በትኖ ያፈሳል።

ለራስ ጥቅም የሚያስብ ሰውም ቢሆን ከዳርቻው ቢርቅ ያተርፋል። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ ዝቅተኛው ቦታ ደግሞ ሐይቁ ነው። ዳር ላይ የተተከለ ድንኳን ጠዋት በጤዛ ይረጥባል፤ ትንኙም እዚያ ይበረታል። ትንሽ ከፍ ብሎ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ይሞቃል፣ ይደርቃል፣ ትንኙም ይቀንሳል። አውሬውም በሌሊት ውሃ ለመጠጣት የሚመጣው በዳርቻው ነው፤ መንገዱ ላይ የተኛ ሰው እሱንም ራሱንም ያውካል።

ሁለተኛው ምርጫ ከመጀመሪያው ጋር የሚጋጭ ይመስላል። ድንኳን ማንም ያልረገጠው ሣር ላይ ይተከል ወይስ ቀድሞ ሰው ያደረበት ባዶ መሬት ላይ? ለደን የሚያስብ ሰው ልቡ አዲሱን ይመርጣል፤ የተራቆተው ያሳዝነዋላ። የደን አገልግሎት ተመራማሪ የነበረው ዴቪድ ኮል ለብዙ ዓመታት ያጠናው ይህንኑ ነበር። የደረሰበትም አብዛኛው የዕፅዋት ጉዳት የሚደርሰው ሰው ባደረባቸው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሌሊቶች መሆኑን ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ መቶ ሰው ቢያድርበት የሚጨመረው ጉዳት ያን ያህል አይደለም። ስለዚህ ሰው በሚበዛበት አካባቢ ቀድሞ የተራቆተውን ቦታ ደጋግሞ መጠቀም ይሻላል። አዲስ ቦታ መምረጥ የሚያዋጣው ሰው ጨርሶ በማይደርስበት ሩቅ ደን ነው፤ እዚያም ቢሆን አንድ ሌሊት አድሮ መቀየር ነው።

ድንኳን ከመትከል በፊት ቀና ብሎ ማየትም ያስፈልጋል። በሐምሌ 4 ቀን 1999፣ በአሜሪካ የነጻነት በዓል ዕለት፣ ሱፒሪየር ደን ላይ በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍስ አውሎ ነፋስ መጥቶ ሚሊዮኖች ዛፎችን በአንድ ከሰዓት በኋላ አጋደመ። ድንኳን ውስጥ የነበሩ በርካታ ሰዎች ግንድ ወድቆባቸው ቆስለዋል። እንዲህ ያለው ማዕበል በየዓመቱ አይመጣም። የደረቀ ዛፍና የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ግን ለመውደቅ አውሎ ነፋስ አይጠብቅም።

አሁን ሰው በጨዋታ መካከል የማያነሳው ጉዳይ ላይ ደረስን። መጸዳጃ በሌለበት ምን ይደረጋል? ከውሃው፣ ከድንኳኑና ከእግር መንገዱ ከእያንዳንዳቸው 60 ሜትር ተርቆ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ በትንሽ መቆፈሪያ ይቆፈራል። ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። ጥልቀቱ በግምት የተወሰነ አይደለም፤ ቆሻሻ የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን በብዛት ያሉት በላይኛው ጥቁር አፈር ውስጥ ነው። ከዚያ በታች ቢቆፈር ሳይበሰብስ ይቆያል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ እንስሳ ይምሰዋል። ጉድጓዱ በራሱ አፈር ተሞልቶ በቅጠል ይሸፈናል። ወረቀቱን በላስቲክ ከረጢት አስሮ ይዞ መመለስ ይመረጣል። የሕፃን ዳይፐርና እርጥብ መጥረጊያ ግን ምንም ምርጫ የለውም፤ ተጭኖ ከተማ ይገባል። ማቃጠልም መፍትሔ አይደለም፤ አይቃጠልም፣ ይሸታል፣ እሳትም ያስነሣል።

ጃርዲያና አሜባ ለኢትዮጵያዊ አዲስ ስም አይደሉም። እንግዲህ ያ በሆድ ቁርጠት የሚታወቀው ጃርዲያ ካናዳ ድንበር ላይ ያለው መስታወት የመሰለ ሐይቅ ውስጥም ይኖራል። ቢቨር የተባለው ግድብ ሠሪ እንስሳና ሌሎችም ያራቡታል፤ ሕመሙም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጉዞው አንድና ሁለት ሳምንት በኋላ በመሆኑ ሰው ምክንያቱን ከሐይቁ ጋር ሳያያይዘው ይቀራል። አስተማማኙ መድኃኒት ማፍላት ነው። ውሃው ተንተክትኮ አንድ ደቂቃ ከቆየ ይበቃዋል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ግን ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ሦስት ደቂቃ ያስፈልገዋል። የኮሎራዶ ተራሮች እዚህ ውስጥ ይገባሉ፤ ሚኒሶታ አይገባም። የእጅ ማጣሪያም ጥሩ ነው፤ ተራ የእጅ ማጣሪያ ግን በረዶ ከነካው ውስጡ ተሰንጥቆ ያለ ምልክት ሥራውን ሊያቆም ይችላል።

በግንቦት 29 ቀን 2011 ሁለት ሰዎች አሪዞና ውስጥ በአፓቼ ሲትግሪቭስ ብሔራዊ ደን እንዲሁ ድንኳን ተክለው አድረው ነበር። ጠዋት እሳታቸው የጠፋ መስሏቸው በእግር ሊንሸራሸሩ ሄዱ። ሲመለሱ እሳቱ ከማንደጃው ወጥቶ ዙሪያውን ይዞት ነበር፤ ወደ ድንኳናቸው መጠጋት አልቻሉም። ያ እሳት ዋሎው በሚባል ስም ታወቀ። ከአንድ ወር በላይ ነድዶ 538,000 ኤከር አቃጠለ፤ ወደ 2,180 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የአዲስ አበባን አራት እጥፍ ማለት ነው። በአሪዞና ታሪክ ትልቁ የደን እሳት ሆኖ ተመዘገበ። ሁለቱ ሰዎች ፍርድ ቤት ቀርበው ጥፋታቸውን አመኑ። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ እሳታቸው ጠፍቷል ብለው አምነው ነበር፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሚኒሶታም የራሷ አላት። በግንቦት 2007 ሃም ሐይቅ አጠገብ ከካምፕ እሳት የተነሣ ቃጠሎ ድንበር ተሻግሮ ካናዳ ገብቶ 75,000 ኤከር በላ፤ ከ100 በላይ ሕንጻዎችም ወደሙ። ከቃጠሎው ስምንት ዓመት በፊት በዚያ አውሎ ነፋስ የተጋደሙት ዛፎች ደርቀው ማገዶ ሆነው ይጠብቁት ነበር።

ታዲያ እሳት መጥፋቱ በምን ይታወቃል? በዓይን አይታወቅም። ነጭ አመድ ከሥሩ ፍም ይሸሽጋል፤ ፍሙም አፈር ለብሶ ለብዙ ሰዓታት ሊቆይ ይችላል። በተለይ አፈር አልብሶ መሄድ ያታልላል፤ ሙቀቱን አቅፎ ያቆየዋል፣ ከሥር የደረቀ ሥር ካገኘም ቀስ ብሎ ይዞት ይጓዛል። ትክክለኛው አሠራር ውሃ ማፍሰስ፣ በእንጨት ማማሰል፣ እንደገና ማፍሰስ፣ ከዚያ የእጅን ጀርባ አስጠግቶ መፈተሽ ነው። ሙቀቱ ከተሰማ ገና ነው። አመዱ በባዶ እጅ የሚዳሰስ እስኪሆን ድረስ ማንም ከቦታው አይንቀሳቀስም። ለማጥፋት የሚበቃ ውሃ አጠገቡ የሌለው ሰው መጀመሪያውኑ ማንደድ የለበትም።

ለእኛ ሰው አንድ የተለየ ማሳሰቢያ አለ። በድርቅ ወራት የደን አገልግሎት እሳት ይከለክላል። ብዙ ጊዜ በዚህ ክልከላ ውስጥ የጋዝ ምድጃ ይፈቀዳል፤ የከሰል ምድጃ ግን እንደ እሳት ይቆጠራል። ጀበናው በጋዝ ላይ ሊጣድ ይችላል። ፍሙ ላይ ዕጣን እያጨሱ ቡናውን መከተል ግን ክልከላውን መተላለፍ ይሆናል። ዕጣኑ ትንኝ ያባርራል የሚለው ተስፋም ሚኒሶታ ላይ አይሠራም፤ ትንኙ ከዕጣኑ ይበዛል።

እንጨትም ከቤት አይጫንም። ከእስያ የመጣ፣ አረንጓዴ የሚያብለጨልጭ ትንሽ ጥንዚዛ በ2002 ዲትሮይት አካባቢ ተገኘ፤ አሽ የተባለውን የዛፍ ዘር በየግዛቱ እየገደለ ነው። በራሱ ክንፍ ብዙ አይርቅም። ግዛት ከግዛት ያሻገረው በዋናነት ሰው በመኪናው የሚጭነው ማገዶ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው በ2009፣ ያውም ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት ሴንት ፖል ከተማ ነበር። ስለዚህ ማገዶ እዚያው የሚገዛ ወይም ደርቆ መሬት ላይ ከወደቀው የሚለቀም ነው፤ ከእጅ አንጓ ያልወፈረ፣ በእጅ የሚሰበር። የበርች ዛፍ ነጭ ቅርፊት ለማቀጣጠያ ምርጥ ነው፤ ከቆመ ዛፍ ላይ የተላጠ ግን ጠባሳው አይሽርም፣ ዛፉንም ለበሽታ ያጋልጠዋል።

ስለ ምግብ ስናወራ አበሻ ያልተጠቀመበት ሀብት አለው። የደን ተጓዦች በብዙ ዶላር የሚገዙት የደረቀ ምግብ በላስቲክ ታሽጎ፣ ሙቅ ውሃ ተጨምሮበት የሚበላ ነው። ሲራራ ነጋዴና ዘማች ለዘመናት የተጓዘበት በሶ ግን እሳትም አይፈልግም። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሁሉም ቀላል፣ ሳይበላሽ የሚቆይና ድስት የማያሳጥብ ነው። ድርቆሽ በትንሽ ሽሮ ሲፈተፈት ለብርድ ሌሊት የሚበቃ እራት ይሆናል። ክትፎና ጥሬ ሥጋ ለሌላ ቀን ይቆዩ። የበረዶ ሳጥኑ በሁለተኛው ቀን ይቀልጣል፤ ሽታው ደግሞ ሌላ እንግዳ ይጠራል።

እንግዳው ጥቁር ድብ ነው። ሰው ለመብላት አይመጣም፤ የሚመራው አፍንጫው ነው። ለድብ ምግብ ማለት ሥጋና ማር ብቻ አይደለም፤ የጥርስ ሳሙና፣ ሎሽን፣ ቅቤ የነካው ልብስና ያልታጠበ ድስትም ይጨመራል። ከእነዚህ አንዱም ድንኳን ውስጥ አያድርም። ድብ በማይከፍተው ጠንካራ ዕቃ ይታሸጋል፤ አለዚያ ከመሬት አራት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከግንዱም ሁለት ሜትር ያህል ወጣ ብሎ በገመድ ይሰቀላል። ከግንዱ መራቁ የሚረሳ ነገር ነው፤ ጥቁር ድብ ዛፍ የሚወጣ እንስሳ ነው። ቢመጣ አይሮጡም፤ ቆመው፣ እጅ ዘርግተው፣ ድስት እያንኳኩ ይጮሁበታል። አንድ ጊዜ ከሰው ምግብ የቀመሰ ድብ ይመለሳል፤ ደጋግሞ ሲመለስ ብዙ ጊዜ መጨረሻው መገደል ነው።

ከድብ ይልቅ ብዙ ሰው የሚጎዳው መዥገር ነው። በሚኒሶታና በምሥራቁ ግዛቶች ያለው የአጋዘን መዥገር “ላይም” የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ወላጅ ማታ ማታ የልጆችን ብብት፣ የጆሮ ጀርባና የጭን መጋጠሚያ ቢፈትሽ ብዙ ይጠቀማል። የተገኘውም በጠባብ ወረንጦ ከቆዳው ጠጋ ብሎ ተይዞ ቀጥ ብሎ ይነቀላል። ቅቤ መቀባትና በክብሪት መለብለብ የድሮ ዘዴ ነው፤ መዥገሩን አስጨንቆ በሽታውን ወደ ደም እንዲተፋ ሊያደርገው ይችላል።

ውሃው ራሱም አይናቅ። የሰሜኑ ሐይቆች በግንቦት በረዷቸው ገና መቅለጡ ነው፤ ዋና የሚችል ሰውም በድንገት ቢገባ ቅዝቃዜው ትንፋሹን ያቋርጥበታል። ሚኒሶታ ውስጥ ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ በጀልባ ላይ ሆኖ የመንሳፈፊያ ጃኬት የመልበስ ግዴታ አለበት። አዋቂው ላይ ግዴታው መያዝ ብቻ ነው፤ ጀልባው ወለል ላይ የተቀመጠ ጃኬት ግን ሲገለበጡ አይደረስበትም። ጀልባ ከሐይቅ ሲወጣ ውሃው ተንጠፍጥፎ፣ አረሙ ተለቅሞ ይጸዳል። ይህም የግዛቱ ሕግ ነው፤ ዜብራ መስል የተባለ ባለ ዛጎል ተባይ ከሐይቅ ሐይቅ የሚሻገረው በጀልባ ነውና።

ሞባይል ብዙ ቦታ አይሠራም። ካርታው አስቀድሞ ስልክ ላይ ይጫናል፤ በወረቀትም አንድ ቅጂ ይያዛል። የደን አገልግሎት የትኛው መንገድ ለመኪና ክፍት እንደሆነ የሚያሳይ ነጻ ካርታ ያወጣል፤ በብዙ ደኖች ከመንገድ ምን ያህል ወጥቶ ማቆምና ማደር እንደሚቻል የሚታወቀው ከዚያ ላይ ነው። ጎግል ላይ መንገድ መስሎ የሚታየው ሁሉ ለመኪና የተፈቀደ አይደለም። የት እንደተሄደና መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ ሰው ከተማ ላይ ይቀራል።

ስለ ድምፅ አንድ ነገር እንበል፤ እኛ ስንሰባሰብ እንደምናደምቅ ይታወቃል። ሐይቅ ላይ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። በረጋ ምሽት ውሃው አጠገብ ያለው አየር ከላይኛው ስለሚቀዘቅዝ ድምፁ ወደ ላይ ከመበተን ይልቅ ታጥፎ በውሃው ላይ ይንሸራተታል። ከዚህኛው ዳር የተከፈተ ሙዚቃ ማዶ ያለው ሰው ድንኳን ውስጥ ቃሉ ሳይቀር ይሰማል። ሰዎቹ ከከተማ የመጡት ደግሞ ሉን የተባለውን የሚኒሶታ ግዛት ወፍ ጩኸት ሊሰሙ ነው።

ይህ አገር ባዶ ዱር ሆኖ አልኖረም። የኦጂብዌ ሕዝብ በ1854 ውል መሬቱን ሲለቅ በዚያ የማደን፣ ዓሣ የማጥመድና የመልቀም መብቱን ይዞ ቆይቷል። በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ሐይቆቹ ላይ በታንኳ የዱር ሩዝ ሲያራግፉ ከሚታዩት መካከል የዚህ መብት ባለቤቶች አሉ። ሄግማን ሐይቅ ላይ ባለው ገደል የድሮ ሰዎች በቀይ ቀለም የሣሉት ሥዕል አለ፤ በዓይን ይታያል፣ በእጅ አይነካም።

ሌላ ግዛት ያላችሁ አድማጮች የምትሄዱበት አይጠፋም። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ያላችሁ ቨርጂኒያ ውስጥ የጆርጅ ዋሽንግተን ደን በሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ነው። ሲያትል ላይ ማውንት ቤከር ስኖኳልሚ፣ አትላንታ ላይ ቻታሁቺ አለ። ዴንቨር አቅራቢያ ግን ነገሩ ተለውጧል። የሰው ብዛት፣ ቆሻሻና ሳይጠፋ የተተወ እሳት ሲበረታ በተወሰኑ አካባቢዎች እንደልብ ማደር ቀርቶ ቁጥር በተሰጣቸው ቦታዎች ብቻ ሆኗል፤ የተዘጉም አሉ። ስለዚህ ካለፈው ዓመት ልምድ ተነሥቶ መሄድ አይበቃም። እያንዳንዱ ደን በወረዳ በወረዳ የተከፈለ የሬንጀር ጽሕፈት ቤት አለው። ከመነሣት በፊት ባለው የሥራ ቀን ደውሎ ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል፦ በዚያ ሳምንት እሳት ተፈቅዷል ወይ፣ መንገዱ ክፍት ነው ወይ፣ ከውሃው ምን ያህል መራቅ ያስፈልጋል። ጽሕፈት ቤቶቹ ብዙዎቹ ቅዳሜና እሑድ ስለሚዘጉ ስልኩ እስከ ዐርብ ከሰዓት በፊት መደወል አለበት።